የቲቢ ባክቴሪያ በጨለማ ሲያበራ፦ የኦራሚን ማቅለምና የኤልኢዲ ማይክሮስኮፕ ንባብ፣ ከአክታው እስከ ውጤቱ

ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ሲባል ብዙ ተማሪ ትዝ የሚለው የምርምር ተቋም፣ ጨለማ ክፍልና የማይነካ ውድ ዕቃ ነው። እኛ አገር ግን ዕቃው በብዙ ሆስፒታሎችና በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ይሠራል። ሥራውም የታወቀ ነው፤ አክታ ውስጥ የቲቢ ባክቴሪያ መፈለግ። ስለዚህ ዘዴውን መማር ለሚፈልግ ሰው ጥሩ መነሻ ይኸው ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ከገባችሁ የቀረውን ፍሎረሰንስ መረዳት አይከብዳችሁም።

ጽሑፉ ለላብራቶሪ ተማሪዎችና ሥራውን ገና ለጀመሩ ባለሙያዎች ነው። አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። በዚህ ሥራ ባክቴሪያውን ማብራት ቀላል ነው። ጭንቁ ሌላውን ሁሉ ማጨለም ነው። ከታች ያሉትን እርምጃዎች በዚህ ዓይን ካነበባችኋቸው እያንዳንዱ ለምን እንዳለ ይገባችኋል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን ያበራል?

በ1852 ጆርጅ ስቶክስ የተባለው የኬምብሪጅ ሊቅ አንድ ነገር አሳየ። አንዳንድ ቁሶች ብርሃን ሲያርፍባቸው እነሱም ብርሃን ይሰጣሉ። የሚሰጡት ብርሃን ግን ሞገዱ ከተቀበሉት ይረዝማል። ፍሎረሰንስ የሚባለው ይህ ነው። ሰማያዊ ብታበሩባቸው አረንጓዴ ይመልሳሉ እንበል። ሙሉው ዘዴ የቆመው በዚህች ልዩነት ላይ ነው። የሰጠነውና የተመለሰው ብርሃን ቀለማቸው ከተለያየ፣ የሰጠነውን አግደን የተመለሰውን ብቻ ማየት እንችላለን።

ማይክሮስኮፑ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ኤልኢዲ ከሚባለው መብራት 455 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ሰማያዊ ብርሃን ይወጣል። መንገዱ ላይ ሰያፍ የተቀመጠ ልዩ መስታወት ያገኘዋል። ይህ መስታወት አጭር ሞገዱን ወደ ታች ያንጸባርቃል፤ ረጅሙን ግን ያሳልፋል። ሰማያዊው ብርሃን በኦብጀክቲቩ (ስላይዱ አጠገብ ባለው ሌንስ) በኩል ወርዶ ስላይዱን ይመታል። አክታውን የምናቀልምበት ፍሎረሰንት ቀለም ኦራሚን ይባላል፤ እሱ ያለበት ነገር ሁሉ ቢጫ የቀላቀለ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ይህ ብርሃን በዚያው ኦብጀክቲቭ ተመልሶ ወጥቶ መስታወቱን ያልፋል። ከላይ ያለው ፊልተር ደግሞ ሾልኮ የመጣ ሰማያዊ ካለ ያስቀረዋል። ዓይናችሁ ጋ የሚደርሰው የባክቴሪያው ብርሃን ብቻ ይሆናል። ይህንን ከላይ የማብራት አሠራር በ1960ዎቹ ያስለመደው ሆላንዳዊው ፕሉም ነው።

ባክቴሪያውስ ቀለሙን ለምን ይዞ ይቀራል? የቲቢ ባክቴሪያ ግድግዳ ማይኮሊክ አሲድ የሚባል ሰም መሰል ቅባት አለው። ኦራሚን ፌኖል ረድቶት አንዴ ከገባ በኋላ አሲድ ቢፈስበትም በቀላሉ አይወጣም። ሌላው የአክታ ክፍል ግን ቀለሙን ወዲያው ይለቃል። ሮበርት ኮህ ባክቴሪያውን በመጋቢት 24 ቀን 1882 ለዓለም ካሳወቀ ብዙም ሳይቆይ የመጣው ቀዩ የዚል ኒልሰን ማቅለሚያም የሚሠራው በዚሁ ጠባይ ነው። ኦራሚን የተጨመረው በ1930ዎቹ ጀርመን ውስጥ ነው።

ታዲያ ዚል ኒልሰን እያለ ይህ ለምን አስፈለገ? በዚል ኒልሰን የምታነቡት በዘይት፣ 1000 ጊዜ አጉልታችሁ ነው። በኦራሚን ግን 200 ጊዜ ይበቃል። አንዱ ፊልድ (በአንድ ጊዜ የሚታየው ክብ ቦታ) በስፋት 25 እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ዚል ኒልሰን ብዙ ደቂቃ የሚወስድበትን ስሚር (ስላይድ ላይ የተቀባ አክታ) በሁለት ደቂቃ ገደማ ትጨርሱታላችሁ። ሰፋ ያለ ቦታ ስላያችሁም ባክቴሪያው በአማካይ ወደ 10 በመቶ በበለጠ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ኤልኢዲው የድሮውን ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ እንዲተካ፣ በዚል ኒልሰንም ቦታ ቀስ በቀስ እንዲገባ የመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

የድሮው በሜርኩሪ መብራት የሚሠራ ነበር። አምፖሉ የሚያገለግለው 200 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ከጠፋ በኋላ ቀዝቅዞ እስኪበቃው ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። ሊፈነዳም ይችላል። ኤልኢዲ ከ10,000 ሰዓት በላይ ይሠራል፤ ጨለማ ክፍል አይፈልግም፤ መብራት ሲጠፋም በባትሪ መሥራት የሚችል ዓይነት አለው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የሠራ ሰው የዚህ ትርጉም ይገባዋል።

አክታው

ምራቅ ከመጣላችሁ የቀረው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከታካሚው ጋር በመነጋገር ነው። ዕቃውን ሰጥቶ “አክታ አምጡ” ማለት አይበቃም።

“እማማ፣ ምራቅ አይደለም የምፈልገው። ከደረት የሚወጣውን ነው። መጀመሪያ አፍዎን በውሃ ይጉመጥመጡ። ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ በደንብ አየር ይሳቡና ከውስጥ ያስሉት።”

እንዲህ ብላችሁ፣ በእጃችሁ ደረታችሁን እያሳያችሁ ተናገሩ። አክታው የሚወጣው ደጅ፣ አየር በሚነፍስበት፣ ሰው በሌለበት ቦታ ይሁን። ሽንት ቤት ውስጥ ወይም ላብራቶሪው ውስጥ አይሆንም። ዕቃው ሲመለስ ሳትከፍቱት ተመልከቱት። ወፈር ያለ፣ የሚዝለገለግ ወይም መግል የመሰለ ከሆነ ጥሩ ነው። እንደ ውሃ የቀጠነና አረፋ ብቻ ከሆነ በትሕትና ሌላ ጠይቁ። ታካሚው ከዚያ በላይ ማምጣት ካልቻለ ግን ያለውን ሥሩ፤ ውጤቱ ላይም “ምራቅ መሰል” ብላችሁ ጻፉ።

ስሙንና ቁጥሩን ዕቃው ገላ ላይ ጻፉ። ክዳኑ ላይ አትጻፉ፤ ክዳን ይቀያየራል።

ስሚሩ

አንድ ጫፉ ሻካራ የሆነ አዲስ ስላይድ ያዙ። ቁጥሩን በእርሳስ ጻፉበት። በእስክሪፕቶ የጻፋችሁት እንደሆነ አልኮሉ ያጥበውና ስላይዱ የማን እንደሆነ ግራ ይገባችኋል። አንዴ የተሠራበትን ስላይድ አጥቦ መጠቀም ክልክል ነው፤ የአሮጌው ታካሚ ባክቴሪያ በአዲሱ ታካሚ ስም ይነበባል።

የእንጨት ወይም የቀርከሃ ስንጥር ውሰዱ። ጫፉ ሰበር ያለ ከሆነ አክታውን ይበልጥ ይይዛል። ከአክታው ውስጥ መግል የመሰለውን፣ ቢጫ የሆነውን ክፍል ምረጡ። በስላይዱ መሃል ላይ ርዝመቱ 2፣ ስፋቱ 1 ሴንቲሜትር አድርጋችሁ እያዞራችሁ ቀቡት። እብጠት የሚመስል ጉብታ እንዳይኖር ቀስ እያላችሁ ዳምጡት። ስንጥሩን ፌኖል ወይም በረኪና ባለበት ዕቃ ጣሉ። ለእያንዳንዱ ታካሚ አዲስ ስንጥር ነው።

ስሚሩ በራሱ ጊዜ ይድረቅ። ቢያንስ 15 ደቂቃ ስጡት። ለማፋጠን እሳት ላይ መያዝ የለም። እርጥብ አክታ ሲሞቅ ይፈናጠራል፤ የተፈናጠረውን የምትተነፍሱት እናንተ ናችሁ። ከደረቀ በኋላ ግን የተቀባው ወገን ወደ ላይ ሆኖ ነበልባሉ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አሳልፉት። ይህ ስሚሩን ስላይዱ ላይ ያጣብቀዋል።

ውፍረቱን ለማወቅ ጥሩ ዘዴ አለ። ከመቅለሙ በፊት የደረቀውን ስሚር ከጋዜጣ ላይ 4 ወይም 5 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። በስሚሩ ውስጥ ፊደሎቹ በጭንቅ የሚነበቡ ከሆነ ልክ ነው። ፊደሎቹ ጥርት ብለው ከተነበቡ ቀጥኗል። ጭራሽ ካልታዩ ወፍሯል። ከወፈረ አሲዱ እስከ ታች አይደርስም፤ ሙሉው ፊልድ አረንጓዴ ጭጋግ ይሆናል። ከመጀመሪያው ያልጨለመ ነገር በኋላ በፊልተር አይጨልምም።

ሁሉንም መስኮቱ ክፍት በሆነ ጠረጴዛ ላይ፣ አየሩ ከጀርባችሁ መጥቶ ወደ ውጭ በሚወጣበት አቅጣጫ ተቀምጣችሁ ሥሩ። ጓንት አይርሳ።

ቀለሞቹን ማዘጋጀት

ተዘጋጅቶ የሚመጣ ካላችሁ ይህን ክፍል እለፉት። በራሳችሁ የምታዘጋጁ ከሆነ ለአንድ ሊትር እንዲህ ነው።

ኦራሚን፦ 1 ግራም ኦራሚን ኦ በ100 ሚሊሊትር 95 በመቶ አልኮል ይሟሟ። በሌላ ዕቃ 30 ግራም ፌኖል በ870 ሚሊሊትር የተጣራ ውሃ ይሟሟ። ሁለቱን ደባልቁ። ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ፣ ብርሃን በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት።

አሲድ አልኮል፦ 5 ሚሊሊትር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በአንድ ሊትር 70 በመቶ አልኮል። አሲዱን ወደ አልኮሉ በቀስታ ጨምሩ፤ የተገላቢጦሹን በፍጹም አታድርጉ።

ፖታሲየም ፐርማንጋኔት፦ 5 ግራም በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ።

የኦራሚን ዱቄት ካንሰር ያመጣል ተብሎ ይጠረጠራል። ፌኖል ቆዳ ያቃጥላል። ዱቄቱን በምትመዝኑበት ጊዜ ማስክና ጓንት ይኑር፤ ማራገቢያም ይጥፋ።

ጠርሙሱ ላይ የተዘጋጀበትንና የሚያበቃበትን ቀን ጻፉ። የኛ አገር ችግር እዚህ ላይ ይመጣል። አንዱ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በፈረንጅ ይጽፋል። ከወራት በኋላ ጠርሙሱን ያነሳው ሰው አብቅቷል አላበቃም ብሎ ይከራከራል። አንዱን ምረጡና ከቀኑ ጎን የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግለጹ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን የሞተ ቀለም ኔጋቲቭ ውጤት ያመርታል፤ ያ ደግሞ በሽተኛውን ወደ ቤቱ ይልከዋል።

ማቅለም

በየዙሩ አንድ የታወቀ ፖዘቲቭና አንድ የታወቀ ኔጋቲቭ ስላይድ መቆጣጠሪያ ሆነው አብረው ይቀለሙ። ከ12 በላይ ስላይድ በአንዴ አትደርድሩ፤ የመጨረሻው ጋ ስትደርሱ የመጀመሪያው ደቂቃው ያልፍበታል። በስላይዶቹ መካከል ጣት የሚያስገባ ያህል ክፍተት ይኑር።

1. ኦራሚኑን በፊልተር ወረቀት እያጣራችሁ ስሚሩን ሙሉ በሙሉ አልብሱት። 20 ደቂቃ ይቆይ። አይሞቅም። መሃል ላይ እንዳይደርቅ ተከታተሉ፤ ከደረቀ ክሪስታል ይሠራና ክሪስታሉ ራሱ ያበራል።

2. በተጣራ ውሃ እጠቡ። ውሃውን በቀጥታ ስሚሩ ላይ አትልቀቁ፤ ከዳር ጀምሮ በቀስታ ይፍሰስ። ስላይዱን ዘንበል አድርጋችሁ ውሃውን አንጠፍጥፉ።

3. አሲድ አልኮል አልብሱት። 3 ደቂቃ።

4. እጠቡ፤ አንጠፍጥፉ።

5. ፐርማንጋኔት አልብሱት። 1 ደቂቃ። እዚህ ላይ ሰዓት ያዙ፤ በግምት አይሆንም።

6. እጠቡ፤ አንጠፍጥፉ፤ አቁማችሁ በአየር አድርቁት። በወረቀት ወይም በሶፍት አትጥረጉት። የወረቀት ክር በሰማያዊ ብርሃን ያበራል።

የላብራቶሪያችሁ የአሠራር መመሪያ ወይም የቀለሙ አምራች ሌላ ደቂቃ ካዘዘ እሱን ተከተሉ። ከሁለት መመሪያ ግማሽ ግማሽ መውሰድ ግን አይሠራም።

ስለ አምስተኛው እርምጃ ትንሽ ላብራራ፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እሱ ነው። ፐርማንጋኔት የሚያጨልመው የአክታውን ቀሪ ብርሃን ነው። ከባክቴሪያው ውጭ ያሉት ሴሎች፣ ንፍጡና ክሩ አሲዱ ካለፈም በኋላ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ይተርፋቸዋል። ፐርማንጋኔት ያንን ያጠፋል። ችግሩ ማቆሚያ የለውም። ጊዜ ከሰጣችሁት ወደ ባክቴሪያው ይሄዳል። 2 ወይም 3 ደቂቃ የቆየበት ስላይድ በጣም ያማረ ጥቁር መደብ ይኖረዋል፤ ጥቂት ባክቴሪያ የነበረበት ታካሚም አብሮ ጠፍቶ ታገኙታላችሁ። ጥቁር ስላይድ አይታችሁ “ንጹሕ ሥራ ነው” አትበሉ። ፖዘቲቭ መቆጣጠሪያው በደንብ ያበራል ወይ? ጥያቄው እሱ ነው።

የውሃውም ነገር እንዲሁ አይታለፍ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፤ ክሎሪን ብርሃኑን ያደክማል። ታንከር ውስጥ የቆየ ውሃ ደግሞ የራሱ የቲቢ ዘመድ ባክቴሪያዎች ሊኖሩበት ይችላሉ። እነሱም አሲድ የሚቋቋሙ ስለሆኑ ከቲቢው በዓይን አትለዩዋቸውም። የተጣራ ውሃ ለማቀለሚያውም ለማጠቢያውም ይሁን።

ማንበብ

መጋረጃውን ጋርዱ። ጨለማ ክፍል አያስፈልግም፤ ከመስኮት ፊት ለፊት ተቀምጦ ማንበብ ግን ዓይንን ያታልላል። ማይክሮስኮፑን ስታበሩ ሰማያዊውን ብርሃን በቀጥታ አትመልከቱ።

መጀመሪያ ፖዘቲቭ መቆጣጠሪያውን ተመልከቱ። ባለ 20 ኦብጀክቲቭ አድርጉ፤ ባለ 10 አይፒስ (ዓይን የሚጠጋው ሌንስ) ካለው ጠቅላላው 200 ነው። ፎከስ ማድረግ ለጀማሪ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም መደቡ ጥቁር ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለም። መላው ቀላል ነው። ተራ መብራት ያለው ማይክሮስኮፕ ከሆነ በተራው መብራት የስሚሩን ዳር ፎከስ አድርጉ፤ ከዚያ ወደ ሰማያዊው ቀይሩ። ተራ መብራት ከሌለው በመቆጣጠሪያው ላይ ፎከስ አድርጋችሁ ሳትነኩት ስላይዱን ብቻ ቀይሩ።

ኔጋቲቭ መቆጣጠሪያውንም እዩ። ሁለቱ ልክ ካልሆኑ የታካሚ ስላይድ አይነበብም። ዙሩ በሙሉ እንደገና ይሠራል። ሰልፍ ቢኖርም ይሠራል።

አሁን የታካሚውን። ከስሚሩ ግራ ጫፍ ጀምራችሁ በመሃሉ ቀጥታ እስከ ቀኝ ጫፍ ሂዱ። ይህ አንድ ርዝመት ይባላል፤ በ200 ጉልበት ወደ 30 ፊልድ ነው። ኔጋቲቭ ለማለት ቢያንስ ይህን ሙሉ ርዝመት ማየት አለባችሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ሰልችቷችሁ መተው የለም።

የምትፈልጉት እንዲህ ያለውን ነው። ቀጭን ዘንግ፣ ብዙ ጊዜ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ርዝመቱ ጥቂት ማይክሮሜትር፣ ጠርዙ ጥርት ያለ፣ በጥቁር ሰማይ ላይ ያለ ቢጫ ስንጥር የሚመስል። አንዳንዴ ብቻውን ነው፤ አንዳንዴ ሁለት ሆነው እንደ “ቪ” ይገጥማሉ፤ አንዳንዴ ተከማችተው ይገኛሉ። በ200 በጣም ትንሽ ስለሆነ ጥርጣሬ ሲገባችሁ ወደ ባለ 40 ቀይሩና ቅርጹን አረጋግጡ።

ቅርጹን አልኩ። ድምቀቱን አላልኩም። ጀማሪን የሚያታልለው ድምቀት ነው። የሚያበራ ክብ ነገር፣ ቅርጽ የሌለው ፍርፋሪ፣ የቀለም ክሪስታል፣ ረጅም ክር፣ ሁሉም ከባክቴሪያው በላይ ሊያበሩ ይችላሉ። ደብዘዝ ያለ ቀጭን ዘንግ ከደማቅ ክብ ነጥብ ይበልጣል። ዘንግ ያልሆነውን አትቁጠሩ።

አቆጣጠሩ በጉልበቱ ይለያያል። በ200 ከሆነ፦

በአንድ ርዝመት ምንም ካልተገኘ፦ ኔጋቲቭ።
በአንድ ርዝመት ከ1 እስከ 4፦ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል።
በአንድ ርዝመት ከ5 እስከ 49፦ ስካንቲ (በጣም ጥቂት)፤ ቁጥሩን ራሱን ጻፉ።
በአንድ ፊልድ ከ3 እስከ 24፦ አንድ ፕላስ።
በአንድ ፊልድ ከ25 እስከ 250፦ ሁለት ፕላስ።
በአንድ ፊልድ ከ250 በላይ፦ ሦስት ፕላስ።

በ400 የምታነቡ ከሆነ ቁጥሮቹ ያንሳሉ። በአንድ ርዝመት 1 ወይም 2 ማረጋገጫ ይፈልጋል፤ ከ3 እስከ 24 ስካንቲ ነው። በአንድ ፊልድ ከ1 እስከ 6 አንድ ፕላስ፣ ከ7 እስከ 60 ሁለት ፕላስ፣ ከ60 በላይ ሦስት ፕላስ። በባለ 40 ቆጥሮ በባለ 20 ሰንጠረዥ ሪፖርት ማድረግ በየቦታው የሚታይ ስህተት ነው። ሰንጠረዡን ከማይክሮስኮፑ አጠገብ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

“ማረጋገጫ ያስፈልገዋል” ማለት በሌላ ባለሙያ ዓይን ይታይ፣ ወይም ከዚያው አክታ ሌላ ስሚር ይሠራ ማለት ነው። አንድ ሁለት ዘንግ አይቶ ብቻውን የሚወስን ሰው አንድ ቀን ጤነኛውን በሽተኛ ያደርጋል።

መበላሸቱን ከምን ታውቃላችሁ?

ፊልዱ በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ካያችሁ መጀመሪያ ስሚሩን ጠርጥሩ፤ ሳይወፍር አይቀርም። ስሚሩ ልክ ከሆነ አሲዱ ደክሟል ወይም ደቂቃው አንሷል። ከዚያ ፐርማንጋኔቱን ተመልከቱ። ትኩሱ ደማቅ ሐምራዊ ነው፤ ወደ ቡኒ ከሄደ አርጅቷል፤ ጣሉት።

ሁሉም ከጨለመ፣ መቆጣጠሪያውም ከደበዘዘ፣ ፐርማንጋኔቱ ቆይቷል ወይም ኦራሚኑ ጊዜው አልፎበታል። ስላይዱ የቆየ ከሆነም ምክንያቱ ጊዜው ነው። ኦራሚን ብርሃን በበዛበት ቁጥር ይደበዝዛል። ስለዚህ በተቀለመ በ24 ሰዓት ውስጥ ይነበብ፤ እስከዚያ ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጥ። ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ተደርድሮ የዋለ ስላይድ ማታ ላይ ሌላ ውጤት ይሰጣል። አንዱን ፊልድ ለረጅም ጊዜ አፍጥጣችሁ ብታዩም ዓይናችሁ እያየ ይደበዝዛል።

ስሚሩ ታጥቦ ከሄደ ወይ በሙቀት አልተጣበቀም፣ ወይ ውሃው በኃይል ወርዶበታል።

ኔጋቲቭ መቆጣጠሪያው ላይ ባክቴሪያ ካገኛችሁ ነገሩ ከባድ ነው። ከአንዱ ስላይድ ወደ ሌላው ተሻግሯል፣ ወይም ቀለሙ ወይም ውሃው ተበክሏል። ምንጩ እስኪታወቅ የዚያን ዙር ፖዘቲቭ ውጤት አትልቀቁ።

ካነበባችሁ በኋላ ስላይዶቹን አትጣሉ። በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና በክልል ላብራቶሪዎች በኩል በሚደረገው የጥራት ቁጥጥር፣ ስላይዶች በዕጣ ተመርጠው ውጤታቸውን ባላየ ሰው እንደገና ይነበባሉ። በመዝገቡ ቅደም ተከተል፣ ኔጋቲቩንም ፖዘቲቩንም ሳትለዩ፣ በተዘጋ ሳጥን አስቀምጡ። ቀለሙ ስለሚደበዝዝ ደጋሚው አንባቢ እንደገና ሊያቀልመው ይችላል፤ ስለዚህ ቁጥሩ የማይጠፋ ይሁን።

ውጤቱ የማይናገረው

የሚያበራው ዘንግ አሲድ የሚቋቋም ባክቴሪያ ነው። ከዚያ በላይ አይናገርም። የቲቢ ይሁን የዘመዶቹ፣ መድኃኒት የለመደ ይሁን ያልለመደ፣ በሕይወት ያለ ይሁን የሞተ፣ ኦራሚን አያውቅም። ሕክምና የጀመረ ታካሚ በሁለተኛው ወር ፖዘቲቭ ቢሆን ባክቴሪያው ሞቶ ሬሳው እየወጣ ሊሆን ይችላል፤ ወይም መድኃኒቱ እየሠራ አይደለም። ያንን ከልቸር (ባክቴሪያውን ማሳደግ) እና የመድኃኒት ምርመራ ይለየዋል።

ኔጋቲቭም ቢሆን “ቲቢ የለም” ማለት አይደለም። በስሚር ለማግኘት በአንድ ሚሊሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ባክቴሪያ መኖር አለበት። የባክቴሪያውን ዲኤንኤ የሚፈልገው ጂን ኤክስፐርት የተባለው ማሽን ከዚያ በጣም ያነሰውን ያገኛል፤ ሪፋምፒሲን የተባለውን የቲቢ መድኃኒት መልመዱንም አብሮ ይናገራል። ለዚህ ነው አሁን ለአዲስ ታካሚ የመጀመሪያው ምርመራ እሱ የሆነው። ሆኖም ጂን ኤክስፐርት የሞተውንም ባክቴሪያ ዲኤንኤ ስለሚቆጥር ሕክምናን ለመከታተል አይመችም። በሁለተኛው፣ በአምስተኛው ወርና በመጨረሻው የሚደረገው ክትትል ላይ ስሚር ቦታው እንዳለ ነው። የጂን ኤክስፐርቱ ካርትሪጅ ያለቀ ቀንም ሥራው ወደ እሱ ይመለሳል።

ቀለሙንና ፊልተሩን ስትቀይሩ

እስካሁን ያየነው ቀለም በኬሚካላዊ ጠባዩ ራሱ የሚጣበቅበትን ነው። በባዮሎጂ ውስጥ ሰፊው መንገድ ሌላ ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ አልበርት ኩንስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ፍሎረሰንት ቀለም አንቲቦዲ ላይ አሰረ። አንቲቦዲው የራሱን ዒላማ ፈልጎ ይይዛል፤ ቀለሙ ደግሞ የት እንዳለ ያሳያል። የእብድ ውሻ በሽታ በላብራቶሪ የሚረጋገጠው በዚህ ዘዴ ነው፤ በአገራችንም ይሠራበታል። ከሞተው ውሻ አንጎል ግንድና ከኋለኛው አንጎል ላይ ስላይድ ይታተማል፤ በአሴቶን ይጠነክራል፤ ፍሎረሲን የተባለው አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም የታሰረበት አንቲቦዲ ይጨመርበታል። ቫይረሱ ካለ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ይታያሉ። እዚያም ሥራው ያው ነው፤ ያልተጣበቀውን አንቲቦዲ በደንብ ካላጠባችሁ ሁሉም አረንጓዴ ይሆናል።

ዳፒ የሚባለው ቀለም ዲኤንኤ ላይ ይጣበቅና የሴል ኒውክሊየስን ሰማያዊ አድርጎ ያሳያል። አክሪዲን ኦሬንጅ ለወባ ይውላል፤ የጥገኛውን ኒውክሊየስ አረንጓዴ፣ የቀረውን አካሉን ቀይ ያደርጋል።

ሕይወት ያለውን ሴል ሳይገድሉ ማየት የተቻለው ግን በጄሊፊሽ ምክንያት ነው። ኦሳሙ ሺሞሙራ በ1962 ከአንድ ጄሊፊሽ ጂኤፍፒ የተባለውን አረንጓዴ ፕሮቲን ለየ። ማርቲን ቻልፊ በ1994 ዘረመሉን ትል ውስጥ አስገብቶ ነርቮቹን አበራ። ሮጀር ቺየን ደግሞ ሌሎች ቀለሞች ጨመረበት። ሦስቱ በ2008 የኬሚስትሪ ኖቤል ተካፈሉ። እዚህ ላይ ማቅለም የሚባል ነገር የለም፤ ሴሉ ቀለሙን ራሱ ይሠራል።

የቲቢውን ማይክሮስኮፕ ለነዚህ እጠቀማለሁ ካላችሁ መጀመሪያ የኤልኢዲውንና የፊልተሩን ቁጥር አንብቡ። ፍሎረሲን በደንብ የሚነቃው 490 ናኖሜትር አካባቢ ሲሆን የሚመልሰው 520 አካባቢ ነው። ዳፒ ደግሞ 360 አካባቢ ያለ አልትራቫዮሌት ይፈልጋል፤ በ455 ኤልኢዲ ምንም አታዩም። በባለ 100 ኦብጀክቲቭ የምትሠሩ ከሆነ የተለመደው የዘይት ጠርሙስ ራሱ ሊያበራ ስለሚችል ለፍሎረሰንስ ተብሎ የተሠራውን ዘይት ጠይቁ።